ጣሪያ ላይ ያለ ርስት

«ልጄ፣ ገና ነን?» አሉኝ እማማ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ከደማስቆ በር ወደ ውስጥ የሚዘልቀው የገበያ መንገድ፣ አረቦቹ ሱቅ ኻን አል ዘይት የሚሉት፣ ጠባብና አብዛኛው ላዩ የተከደነ ነው። ወሩ ረመዳን ነበርና ባለሱቆቹ ለማፍጠሪያ የሚሆን ጣፋጭ በትልልቅ ትሪ ይደረድራሉ። የቅመሙ ሽታ፣ ጋሪ የሚገፉት ልጆች ጩኸት፣ ከጣሪያ ጣሪያ የተወጠረው የመብራት ጌጥ ሁሉ ዓይን ይይዛል። እማማ ግን ግራ ቀኝ አላዩም። በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን ተመርኩዘዋል፤ በሌላው ብብታቸው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አጥብቀው ይዘዋል። ከአዲስ አበባ ከተነሣን ጀምሮ ያን ጥቅል ለማንም አላስያዙም። አውሮፕላን ውስጥ እንኳ ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የመጡት።

በስተቀኝ በኩል፣ ሰው ልብ ሳይለው የሚያልፈው የድንጋይ ደረጃ አለ። ቀስ እያልን ወጣነው። ጠመዝማዛውን መተላለፊያ ጨርሰን በአንድ ዝቅተኛ በር ጎንበስ ብለን ስንገባ ሰማዩ ተከፈተ። ፀሐይ ያነጣው ግቢ፣ በጭቃና በኖራ የተለሰኑ ጎጆ መሳይ ክፍሎች፣ አረንጓዴ የተቀቡ ትንንሽ መዝጊያዎች፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ከመሬት የበቀለ የሚመስል ክብ የድንጋይ ጉልላት። አንድ አባት በጥላ በኩል ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ጎጃም ውስጥ ካለ ገዳም ግቢ የገባሁ መሰለኝ።

«ደረስን እማማ። ከእግርዎ ሥር ያለው የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ነው።»

ዝም አሉ። ጫማቸውን አወለቁ፤ ተንበርክከው ንጣፉን ድንጋይ ሳሙ። ሲነሡ ግድግዳውን እየደገፉ ግቢውን አንድ ዙር ቃኙት።

«እንግዲህ የኛ ቤት ይኸ ነው» አሉ። ይጠይቁኝ ይሁን ይንገሩኝ አልለየሁትም።

* * *

ቡድናችን ኢየሩሳሌም የገባው በሆሳዕና ዋዜማ ነበር፣ መጋቢት 2015 ዓ.ም. ሲያልቅ። አብዛኞቹ ከስድሳ ዓመት ያለፉ እናቶች ናቸው። አንደኛዋን አሜሪካ ያለች ልጃቸው ነው የላከቻቸው፤ ሌላዋ ዕቁብ ጥለው መጥተዋል። እማማ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ አለፍ ብሎ ካለው ቤታቸው ጓሮ ባሕር ዛፍ አስቆርጠው ሸጠዋል። እኔ የመጣሁት ልጽፍ ነው። እነሱ ግን ራሳቸውን ተጓዥ አይሉም፤ ጎብኚማ ጨርሶ። «ተሳላሚ ነን» ነው የሚሉት። መሳለም ከማየት ይለያል። ከንፈርና ግንባር ድንጋዩን መንካት አለባቸው። ደጀ ሰላም ደርሶ መቃኑን ሳይስም የተመለሰ ሰው አይቷል እንጂ አልተሳለመም። ይህን ቃል በዚያ ሳምንት እንደ አዲስ ተማርኩት፤ የኢትዮጵያ የኢየሩሳሌም ታሪክ የነካ፣ የተቀመጠና ያደረ ሰው ታሪክ ሆኖ አገኘሁታ።

ዛሬ መንገዱ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ነው። ጥንት ከአክሱም ወይም ከደብረ ቢዘን አካባቢ የተነሣ መነኩሴ ወደ ቀይ ባሕር ወደብ ወርዶ፣ ወይም በሱዳን በኩል የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ፣ በላይኛው ግብፅ ደብረ ቍስቋም ላይ አርፎ፣ ካይሮ ገብቶ፣ ከዚያ የሲናን በረሃ አቋርጦ ነበር የሚደርሰው። ሽፍታው፣ የባሪያ ፈንጋዩ፣ ውኃ ጥሙ ብዙውን በመንገድ አስቀርቶታል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ወደ አርመን አገር ዘልቀው እዚያው ነው ያረፉት። መሄድ ለማይችለው ሕዝብ ደግሞ ላሊበላ ላይ ጎልጎታ፣ ቤተልሔም፣ ደብረ ዘይት ተሰየመለት፤ በመካከሉ የሚያልፈውም ወንዝ ዮርዳኖስ ተባለ። በ1917 (በዚህ ጽሑፍ የታሪኩን ዘመን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ተሳላሚው እስከ ጅቡቲ በሐዲድ፣ ከዚያ በመርከብ በስዊዝ በኩል መሄድ ቻለ። ያም ቢሆን ሄዶ የሚመለሰውን ሰው ጎረቤቱ የሚቀበለው ከሞት እንደ ተነሣ ነበር።

* * *

ዴር ሱልጣን በዓረብኛ የሱልጣኑ ገዳም ማለት ነው። በግቢው መካከል ያለው ጉልላት ለጌጥ የቆመ አይደለም። ከሥሩ ላለው የቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ብርሃን የሚያስገባ መስኮት ነው። በመስታወቱ በኩል ዝቅ ብሎ የሚያይ ሰው ከታች የሌሎች አብያተ ክርስቲያናትን መብራት ያያል። በመቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዋናውን ድርሻ የያዙት ግሪኮች፣ አርመኖችና ካቶሊኮች ናቸው። ግብፆች ከመቃብሩ በስተጀርባ ትንሽ ጸሎት ቤት አላቸው፤ ሶርያውያንም የሚቀድሱበት ጥግ አላቸው። ኢትዮጵያ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አንድም መሠዊያ የላትም። ያላት ጣሪያው ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ትውፊታችን ነገሩን ከንግሥተ ሳባ ይጀምረዋል፤ ሰሎሞን የሰጣት ርስት ነው ይላል። ቀጥሎም በ1187 ኢየሩሳሌምን የያዘው ሳላሕ አድዲን ለኢትዮጵያውያን አጸናው ይባላል። ከትውፊት ወደ ጽሑፍ ስንመጣ ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኢየሩሳሌም ማኅበራችን በሁለት እግሩ የቆመ ነበር። በ1441 ፍሎረንስ ላይ በተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የቀረቡትን ኢትዮጵያውያን መልእክተኞች የላኳቸው የኢየሩሳሌሙ አበምኔት ኒቆዲሞስ ናቸው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ለዚሁ ማኅበር መጻሕፍት ይልኩ ነበር። የአንድ ጣሪያ ላይ ደሀ ማኅበር አበምኔት ፍሎረንስ ድረስ መልእክተኛ አይልክም።

ውድቀቱ የመጣው ቱርኮች አገሩን በ1517 ከያዙ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። በቅዱሳት ቦታዎች ላይ ግብርና መማለጃ በዛ፤ ገንዘብ ያለው መሠዊያ ጨመረ፤ የሌለው አጣ። አገር ቤት በግራኝ ጦርነት የተቃጠለች ቤተ ክርስቲያን ከኢየሩሳሌም ለሚመጣ የዕዳ ደብዳቤ መልስ አልነበራትም። መነኮሳቱ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየተገፉ ጣሪያው ላይ ቀሩ። ለዘመናት ዕለት ዕለት ነፍሳቸውን ያቆየው ከአርመኖቹ ገዳም የሚሰጣቸው ምግብ ነበር። ይህን ውለታ በቅጡ አናነሣውም። ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በዚያው በአርመኖቹ ገዳም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ ማምጣታቸው፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት የነሐስ ሙዚቀኞች መሆናቸው ይታወቃል። የቡድኑ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው የዐፄውን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠራው። ውለታ አንዳንድ ጊዜ በዚህ መልክ ይመለሳል።

በ1838 ወረርሽኝ ገባ። በዴር ሱልጣን የነበሩት መነኮሳት አለቁ፤ በሽታው ይዛመታል ተብሎ መጽሐፍና ሰነዳቸው ተቃጠለ። የርስት ክርክር ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። አባት ሞተ፣ ወረቀቱ ተቃጠለ፣ ቁልፉ በጎረቤት እጅ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በራሳቸው ግቢ ቁልፍ የሌላቸው ነዋሪ ሆኑ። ኢትዮጵያ ውስጥ በሚስዮናዊነት ኖሮ የነበረው፣ በኋላ የኢየሩሳሌም አንግሊካን ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት በዘመኑ ስለ እነሱ ከተሟገቱት አንዱ ነው። ግን በ1852 የቱርኩ ሱልጣን ሁሉም ነገር ባለበት ይጽና ብሎ ፈርማን አወጣ። «ስታተስ ኮ» የሚሉት ይኸ ነው።

ስታተስ ኮ ሕግ ብቻ ሳይሆን የቀን ተቀን ኑሮ ነው። ደረጃን የሚጠርግ የደረጃው ባለቤት ነኝ ማለቱ ነው። ሚስማር የመታ፣ ልስን የለሰነ፣ መብራት የቀየረ ሁሉ ይዞታ መሥርቷል ይባላል። ስለዚህ አንዱ ሲጠግን ሌላው ይከላከላል፤ ሁለቱ እስኪስማሙ ግድግዳው ይፈርሳል። ከመቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ዋና በር በላይ ባለው መስኮት ሥር አንድ የእንጨት መሰላል ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል፤ የሚያነሣው የለም። የበሩን ቁልፍ የሚይዙትና የሚከፍቱት ሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው፤ ክርስቲያኖቹ እርስ በርስ አይተማመኑምና። በ2017 ከዴር ሱልጣን የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ኮርኒስ ድንጋይ ወደቀ። የእስራኤል መንግሥት በሚቀጥለው ዓመት ጥገና ሲጀምር የግብፅ መነኮሳት በሩ ላይ ቆመው ተቃወሙ፤ ፖሊስ ጎትቶ አስነሣቸው። በ2002 ደግሞ አንድ የግብፅ መነኩሴ በሐምሌ ሙቀት ወንበሩን ከተለመደው ቦታ አንሥቶ ወደ ጥላ በማዞሩ ጠብ ተነሥቶ 11 መነኮሳት ሆስፒታል ገቡ። የወንበር ነገር የሚመስለው ለውጭ ሰው ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ወንበር ማዞር ወሰን መግፋት ነው።

ቁልፉ የተመለሰው በ1970 በትንሣኤ ሌሊት ነው። የግብፅ መነኮሳት ከታች በጸሎት ላይ ሳሉ ኢትዮጵያውያኑ የሁለቱን ጸሎት ቤቶች፣ የአራቱ እንስሳንና የቅዱስ ሚካኤልን፣ የበር ቁልፎች ለወጡ። ግብፆች ከሰሱ። የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 ቁልፉ ለግብፆች ይመለስ ብሎ ፈረደ፤ ሆኖም መንግሥት ጉዳዩን መርምሮ የተለየ ውሳኔ መስጠት እንደሚችል ቦታ ተወለት። መንግሥት እስከ ዛሬ አልወሰነም። ቁልፉም እስከ ዛሬ በእኛ እጅ ነው። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ቦታው ከመሠረቱ የእኔ ነው፣ ኢትዮጵያውያኑን በእንግድነት ተቀብዬ ነው ትላለች፤ ምእመኖቿ ኢየሩሳሌምን እንዳይሳለሙ ለዓመታት ስትከለክል ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር።

ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም። እስከ 1959 ድረስ፣ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ እስኪሆኑ፣ እኛ በእስክንድርያ ሥር ነበርን። ከአንድ ጡት የጠቡ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይላል የአገራችን ሰው፤ ግን ወንድም ከወንድም በርስት ሲጣላ የሚያዝነው ከሁለቱ የተወለደው ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በክርክሩ መካከል መጠገን ያልተቻለው ጎጆ ውስጥ በክረምት ብርድ የሚያድሩት አባቶች ኑሮ ነው።

አንድ አባት «ሰነድ ሲጠየቅ ምን ያሳያሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ጎጆዎቹ መለሱ። «አለን» አሉ። «ሰው አለን።»

* * *

በጣሪያው ግቢ በኩል ወደ አራቱ እንስሳ ጸሎት ቤት ሲገባ በግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ንግሥተ ሳባ ከአጃቢዎቿ ጋር በሰሎሞን ፊት ቆማለች። እማማ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆዩ። በንጉሡ ዙሪያ ካሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ረጅም ጥቁር ካፖርትና የጠጉር ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጺማቸውን ያሳደጉ የዛሬ ዘመን ሐሲዲም፣ አጥባቂ አይሁዶች፣ መስለው ነው የተሣሉት።

«እነዚህን ትናንት መንገድ ላይ አላየናቸውም?» አሉኝ።

ሠዓሊው ያሰበውን ባላውቅም ልክ ነበሩ። ለሠዓሊውም ለእማማም የሰሎሞን ዘመን ትናንት ነው። ከዚያ ጠባቡን የውስጥ ደረጃ በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወርደው፣ በቅዱስ ሚካኤል በኩል፣ በትንሿ በር ወደ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ወጡ። ያች በር ናት የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ። በእሷ ያልወረደ ሰው በገበያው በኩል ዞሮ ነው የሚገባው።

* * *

ሐሙስ ማለዳ ከአሮጌዋ ከተማ ግንብ ውጭ ወዳለው ገዳማችን ሄድን። ከነቢያት ጎዳና ወደ ሰሜን የሚታጠፍ ጠባብ መንገድ ነው፤ ስሙ የኢትዮጵያ ጎዳና። በሁለቱም በኩል ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ የዛፍ ጫፍ። ጥቂት አለፍ ቢሉ ሜአ ሽዓሪም የተባለው አጥባቂ አይሁዶች የሚኖሩበት ሰፈር ነው፤ ጥቁር የለበሱ አባቶች ልጆቻቸውን እየመሩ ነጭ ከለበሱት እናቶቻችን ጋር በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። በገዳሙ በር ላይ አንበሳው ተቀርጿል። ከገቡ በኋላ የከተማው ድምፅ ወዲያው ይጠፋል። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በጓሮ አትክልት መካከል ክብ ሆና ቆማለች፤ ጥቁር ሰማያዊ ጉልላቷ ላይ መስቀሉ ይታያል።

ነገሩን የጀመሩት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ናቸው። በጉንደትና በጉራ፣ በ1875 እና በ1876፣ የግብፅን ጦር ካሸነፉ በኋላ ለኢየሩሳሌም ወርቅ ላኩ፤ በመምህር ወልደ ሰማዕት አማካይነትም ከግንቡ ውጭ መሬት ተገዛ። በጣሪያው ላይ ከግብፆች ጋር የሚደረገው ክርክር መቋጫ ባይኖረውም፣ እዚህ ማንም «የእኔ ነው» ሊል የማይችል ቤት ይኑረን ማለት ነበር። ዐፄው ሥራው ሳያልቅ በ1889 መተማ ላይ ወደቁ። ዐፄ ምኒልክ በ1893 አስፈጸሙት። ከዚያ መኳንንቱና እቴጌዎቹ ተከተሉ። እቴጌ ጣይቱ ቤት አሠሩ፤ ንግሥት ዘውዲቱ በነቢያት ጎዳና ላይ በ1920ዎቹ ያሠሩት ሕንፃ ግንባሩ ላይ ዘውድ የደፋው አንበሳ ዛሬም በቀለማት ጠጠር ተሥሎ ይታያል። እነዚህ ቤቶች ለክብር ብቻ አልተሠሩም። ኪራያቸው የመነኮሳቱ ቀለብ እንዲሆን ነው። ከርሃብና ከልመና የመጣ ትምህርት ነበር፤ ርስት ያለ ገቢ እንደማይጸና በጣሪያው ላይ በደንብ ታይቷል።

ከገዳሙ ፊት ለፊት፣ ቁጥር 11 ቤት፣ የዕብራይስጥን ቋንቋ ወደ መናገሪያነት የመለሰው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ኖሮበታል። የቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋ ለገበያ መዋል የለበትም የሚሉ አጥባቂዎች በቤቱ ላይ የተሰቀለውን መታሰቢያ ጽሑፍ በተደጋጋሚ ነቅለውታል። ከዚህኛው የመንገድ ጫፍ ሰውዬው የሞተ ቋንቋ ለልጁ አፍ መፍቻ ሲያደርግ፣ ከዚያኛው ደግሞ የኛ መነኮሳት ግእዙን በቅዳሴ ብቻ ይዘው ይኖሩ ነበር። መንገዱን ሳቋርጥ ሁሌ የማስበው ይህን ነው።

በ1936 በግንቦት መጀመሪያ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ወጥተው፣ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ ወርደው፣ በባቡር እዚህ ከተማ ገቡ። ኪንግ ዴቪድ ሆቴል አርፈው፣ ከመቃብሩ ጸልየው፣ ከዚያ ወደ አውሮፓ አቀኑ። ጄኔቫ ላይ ንግግር ያደረጉት በሰኔ መጨረሻ ነው። የጣልያን አምስት ዓመት እስኪያልፍ ብዙ ስደተኛ እነዚህ አጥሮች ውስጥ ኖሯል። ከዚያ ቀደም ለተሳላሚ ማረፊያ የተባለው ቤት ለአገር አልባው መጠጊያ ሆነ።

በግቢው ውስጥ ካሉት ትንንሽ ክፍሎች በአንዷ እኛ እስከ ሄድንበት ዓመት ድረስ የፒያኖ ድምፅ ይሰማ ነበር። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ በጣልያን ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘው፣ በኋላ ግሸን ማርያም መንኩሰው በባዶ እግራቸው ዓመታት ኖረዋል። በ1984 ወደዚህ ገዳም መጡ፤ አልተመለሱም። በ2006 ሥራዎቻቸው ኢትዮፒክስ በተባለው የሙዚቃ ተከታታይ 21ኛ ዲስክ ሲወጡ ዓለም ሰማቸው። ያረፉት መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ነው፤ እኛ ከመድረሳችን ሁለት ሳምንት በፊት። ሰሞነ ሕማማት ስለሆነ ከበሮ የለም፣ ሰው በመሳሳም ሰላም አይባባልም። የሄድነው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። አንዲት እማሆይ ወደ ክፍላቸው በር በዓይናቸው ጠቆም አድርገው ብቻ አለፉ። ምንም አልተናገሩም።

ከስግደት በኋላ ጉልባን ተሰጠን። ስንዴውና ባቄላው ከጨው ጋር የተቀቀለ፣ ልክ አገር ቤት እንዳለው። እማማ እፍኝ ወስደው ጥላ ሥር ተቀመጡና ያን ጥቅል ፈቱት። ውስጡ ጧፍ ነበር። በአገር ቤት እጅ የተሠራ፣ በሰም የተነከረ የጥጥ ፈትል፣ ወጥነት የሌለው፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም። ቆጠርኳቸው፤ ሃያ ሦስት ናቸው።

«የማኅበራችን ናቸው» አሉኝ። በወር በወር በኪዳነ ምሕረት ቀን የሚጠጡት ማኅበር ነው። እያንዳንዷ እናት ጧፏን ራሷ አዘጋጅታ ሰጠቻቸው፤ ኢየሩሳሌም ላይ በርቶ፣ ቁራሹ ተመልሶ እንዲመጣላት። አንደኛዋ ጧፍ ወገቧ ላይ ቀይ ክር ታስሮባታል።

«ይህችስ?»

«የጎረቤቴ ናት። አብረን ነበር የተነሣነው፤ አብረን ነበር ዕንጨቱን የሸጥነው። በጥር አረፈች።»

* * *

ማክሰኞ ዮርዳኖስ ወርደን ነበር፤ ቀስር አል ያሁድ ወደሚባለው የጥምቀት ሥፍራ። አካባቢው ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ፈንጂ ተቀብሮበት ኖሮ፣ ለሕዝብ በመደበኛነት የተከፈተው በ2011 ነው። በዙሪያው ያሉት ገዳማት፣ እቴጌ መነን ያሠሩት የሥላሴ ገዳማችን ጭምር፣ ፈንጂ የተጠረገላቸው ከዚያም በኋላ ነው። ውኃው ጠባብና ደፍራሽ ነው፤ ማዶው ዮርዳኖስ አገር ነው። እናቶቹ ነጭ ለብሰው ሦስት ጊዜ ጠለቁ። መግነዛቸውን ነክረው ያወጡም ነበሩ፤ አገር ቤት ተመልሰው ሣጥን ሥር ያስቀምጡታል። ስለ ሞት ሲነጋገሩ ድምፃቸው ስለ እህል እንደሚነጋገር ሰው ነበር።

* * *

ቅዳሜ፣ አዲስ በር በሚባለው የግንቡ መግቢያ ላይ ፖሊስ ብረት ዘርግቶ ሰውን አቆመ። በዚያ ዓመት ለቅዱሱ እሳት ሥርዓት ወደ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ሕዝብ ከ1,800 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ግሪኩም አርመኑም ይጮኻል። እማማ በሰው መካከል ተጨንቀው ከዘራቸው ወደቀ። አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ወጣት ፖሊስ ጎንበስ ብላ አነሣችላቸው።

«አይዞዎት እማማ። በዚህ በኩል ይምጡ» አለች፣ በጎንደር አማርኛ።

እማማ ቀና ብለው አዩአት። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

ይህ ጥያቄ በአገራችን ቀላል ነው፤ እዚያ ግን ረጅም መልስ አለው። የቤተ እስራኤል ልጅ ናት። ሕዝቧ ኢየሩሳሌምን በጸሎቱ ሲያነሣ የኖረው ከእኛ መሳለም በተለየ መንገድ ነው፤ እነሱ ተመልሰው ለመኖር ነበር የሚናፍቁት። በየዓመቱ በስግድ በዓል ተራራ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግዱ ነበር። በሰማይ የሚያልፍ ሽመላ ሲያዩ ልጆቻቸው የአገሪቱን ደኅንነት ይጠይቁት ነበር። በ1862 አባ ማሕሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ፤ ትግራይ ሳሉ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ሲወጡ 4,000 ያህል ሰው በመንገድና በስደተኞች ጣቢያ አለቀ፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ ነው። በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። ስግድ ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ነው፤ አሁን የሚሰግዱት ከተማዋን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ነው።

ልጅቱ ይህን ሁሉ አልተናገረችም። «አያቴ ሱዳን ቀረች» ብቻ አለች። እማማ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና ሊስሟት ሲሉ ቆም አሉ፤ ሕማማት መሆኑ ትዝ አላቸው። «ነፍስ ይማር ልጄ» አሏት፤ አሳለፈችን።

ወደ ታችኛው ቤተ ክርስቲያን መግባት አልቻልንም። ጣሪያው ላይ ወጥተን ከሕዝባችን ጋር ተቀመጥን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፎ ከሥራችን ጩኸት ተነሣ፤ ደወል ተደወለ። የግሪኩ ፓትርያርክ ከመቃብሩ እሳቱን ይዘው ወጡ ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ዲያቆን በፋኖስ ይዞት በትንሿ በር በኩል ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። እሳቱ ከጧፍ ወደ ጧፍ ሲተላለፍ ግቢው በአንድ ትንፋሽ በራ። እማማ ሃያ ሦስቱን በአንድ እጃቸው ጨብጠው አበሩ። ሰሙ በጣታቸው ላይ እየፈሰሰ እያንዳንዷን በክርስትና ስሟ ጠሩ። ሲጨርሱ በነጠላቸው ጫፍ አንድ በአንድ አጠፉ፤ በትንፋሽ አይጠፋም ብለው።

በምሽት ድንኳኑ ተተከለ። ኢትዮጵያ ትንሣኤን በድንኳን የምታከብረው ውስጥ ቦታ ስለሌላት ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ያ ጉድለት ራሱ ሥርዓት ሆነ። ጳጳሱና ካህናቱ በጥላ ታጅበው ወጡ፤ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ያለው ከበሮ ተመታ፤ ሕዝቡ ጧፍ እያበራ የዕሌኒን ጉልላት ዞረ። ከመነኮሳቱ ጎጆ መዝጊያ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ከአውሮፓ የመጡ ፎቶ አንሺዎች፣ ከቴል አቪቭ የመጡ በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆቻችን፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ ጣሪያ ላይ ነው። ከሩቅ የረመዳን ጸሎት ድምፅ ከመስጊድ ይሰማል። ያ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት የመጨረሻው የሞላ ፋሲካ እንደሚሆን አላወቅንም ነበር። ከስድስት ወር በኋላ፣ መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የጋዛው ጦርነት ተነሥቶ የተሳላሚ አውሮፕላኑ ጎደለ። አባቶቹ ግን እዚያው ናቸው።

ሌሊቱ ገፍቶ ሕዝቡ መበተን ሲጀምር እማማን ፈለግኋቸው። ከአንድ ጎጆ በር ላይ ከአንድ አባት ጋር ቆመው አገኘኋቸው። ቁራጮቹን በጨርቁ መልሰው ጠቅልለዋል፤ አንዷ ግን በእጃቸው ነች፤ ቀይ ክር ያለባት።

«አባቴ፣ ይህችን ብተዋት?»

አባ ተቀበሏቸው። ጎጆዋ ግድግዳ ላይ፣ ልስኑ ተቦርቡሮ ድንጋዩ የወጣበት ቦታ አለ። ቁራጯን እዚያ ስንጥቅ ውስጥ አስገቧት፤ በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጓት።

«ለሷ እዚሁ ይቅር» አሉ እማማ።

ጫማቸውን አጠለቅሁላቸውና ደረጃውን ወረድን።